አንጀት የሚይዝ እህል

ይስማው ወጥ ቤት የገባው ወዶ አልነበረም። በለሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ዝናቡ መሀል ላይ ባቋረጠበት አንድ ዓመት፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ወደ ቆላ ወረደና ሸሕዲ ላይ ለሰሊጥ አረም ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ደጋ የወጣው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነው። ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ቆላውን አገሬ ብለው የቀሩ ሠራተኞችን መተማዎች ሳሉግ ይሏቸዋል፤ ይስማውም ሳሉግ ሆኖ ቀረ። አሥራ አንድ ክረምት አረመ፤ አሥራ አንድ መኸር አጨደ። በአሥራ ሁለተኛው ክረምት ሠራተኛ የጫነ የትራክተር ተሳቢ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ሲገለበጥ ቀኝ ጉልበቱን ሰበረው። ወጌሻ አሸው፣ አጥንቱ ገጠመ፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ። ሰሊጥ የሚያርም ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ነው የሚውለው።

ያን ጊዜ እርሻቸው ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው የጎንደሩ ባለሀብት አቶ አለልኝ፣ «ጎንበስ ማለት ባትችል ቆመህ የምትሠራው አይጠፋም» አሉና ወጥ ቤት አስገቡት። ሠራተኛው ሳቀበት። «ወንድ ልጅ ድስት ሥር!» ያላለው አልነበረም። ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሽሮው አንድ ቀን ሲቀጥን አንድ ቀን ሲያር ቆይቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ሳቁ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ከሌሎቹ የእርሻ ወጥ ሠሪዎች የሚለየው ግን በእጁ ሙያ አልነበረም። የአረምን ረሀብ ከውስጥ ያውቀዋል። የአረም ረሀብ እህል የታጣበት ዘመን ረሀብ አይደለም፤ ጠዋት በልቶ የወጣን ሰው ረፋዱ ላይ መስመር መሀል የሚይዝ ረሀብ ነው። መጀመሪያ ወሬ ያስጠላል። ቀጥሎ ላቡ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ዓይን ይፈዝና እጅ አረሙን ትቶ ሰሊጡን ይነቅላል። ይስማው በጎረምሳነቱ ሰሊጥ ነቅሎ በካቦ የተሰደበበትን ቀን አይረሳም። «ሰነፍ ሆኜ አልነበረም፤ ሆዴ ባዶ ሆኖ ነው» ይላል እስከ ዛሬ።

ለብዙ ዓመት የካምፑ ምግብ አንድ ዓይነት ነበር፤ እርሻው ራሱ ካመረተው ማሽላ፣ ሳይነፋ፣ እንዳለ ተፈጭቶ የተጋገረ ጠቆር ያለ ዳቦ፣ ከሽሮ ጋር። ማንም አመስግኖት አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ሰኔ ላይ ግን አቶ አለልኝ፣ «እኔ የምበላውን ሠራተኛዬ ይብላ» ብለው ነጭ የስንዴ ዱቄትና ስኳር በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያደረጉትም በደግነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ዳቦ እንደ ጥጥ ነጥቶ ሲወጣ ካምፑ ሠርግ ቤት መሰለ። ጣፋጭ ሻይ፣ ለስላሳ ዳቦ! «አሁን ገና ሰው ሆንን» ተባለ።

ሰው መሆኑ ሳምንት አልቆየም። የሠላሳ ጎጃሜዎች አለቃ የነበረው ዘመነ፣ ከአቸፈር የመጣ ቀልደኛ ጎልማሳ፣ አንድ ረፋድ መስመሩን ጥሎ ወደ ወጥ ቤቱ ዳስ መጣ።

«አያ ይስማው፣ ዳቦህ ውስጥ ነፋስ ነው እንዴ የሞላህበት?»

«ምን ሆነ?»

«ጠዋት ሦስት በላሁ። ሦስት! ይኸው አራት ሰዓት አልሞላም፣ አንጀቴ ይጮሃል። ልጆቹም እንደኔው ናቸው። ካቦው ሰነፋችሁ ይለናል።»

«ነገ አራት አራት ላድርግላችሁ» አለ ይስማው።

አራት አራት አደረገ። ዱቄቱ እንደ በረዶ ሟሟ፤ ረሀቡ ግን ከሰዓቱ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ እየበረታ፣ አረሙ ከሰሊጡ እየቀደመ ሄደ። ከዚያ በላይ የከፋው ወሬ ነበር፤ ዘመነና ሰዎቹ ወንዙን ተሻግሮ ወዳለው እርሻ ሊሄዱ ይመክራሉ ተባለ። ሐምሌ ላይ ሠላሳ ሰው የሄደበት የሰሊጥ እርሻ ደግሞ እርሻነቱ ይቀርና ሣር ሜዳ ይሆናል።

ይስማው መፍትሔ ፍለጋ የጀመረው ከዳሱ ደጃፍ ቆሞ በማየት ነው። ከሠራተኛው አፍ ይልቅ አንገቱን አየ። ሠራተኛ ሲርበው አይናገርም፤ ቀና ይልና ጭስ ይወጣ እንደሆነ ወደ ወጥ ቤቱ ይመለከታል። ይስማው ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን ያዘ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስት አንገት ዞረ። አራት ሰዓት ላይ መስመሩ ሁሉ። አሮጌው የማሽላ ዳቦ በነበረበት ዘመን እንዲህ ዓይነት ነገር አላስታውስም አለ ለራሱ፤ ግን ማስታወስን አላመነውም።

ስለዚህ በራሱ ሆድ ሞከረው። አንድ ጠዋት ነጩን ዳቦ በጣፋጭ ሻይ በልቶ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መጥረቢያው ከበደው። በማግስቱ ያንኑ ያህል ያልተነፋ የማሽላ ዳቦ በላ፤ እስከ አምስት ሰዓት ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ከጎተራ ማሽላ ዘግኖ፣ ለራሱ ካስቀመጣት ጥቂት ሎቢያ ጋር ንፍሮ ቀቅሎ፣ ጨው ነስንሶ በላ። ስድስት ሰዓት ላይ ሆዱ ዝም እንዳለ ነው። ስድስት ተኩልም ዝም። ይስማው መጥረቢያውን አስቀመጠና ሳቀ።

ማሽላ ጎተራው ውስጥ ነበር፤ ሎቢያ ግን አልነበረም። ትራክተሩ ነዳጅ ሊቀዳ መተማ ዮሐንስ ሲሄድ ይስማው ተሳቢው ላይ ወጣ። ከመነሣቱ በፊት ለአቶ አለልኝ ደወለላቸው፤ ጎንደር ያለው ስልካቸው አልነሣ አለ። በመጨረሻ ቆርጦ፣ በሎቢያ ሊለውጠው ሦስት ኩንታል ነጭ ዱቄት አስጫነ።

ረቢዓ መተማ ዮሐንስ፣ በድንበሩ ኬላ አጠገብ የእህል ሱቅ ያላት፣ ሁለቱንም አገር ስትነግድ ያደገች ሴት ናት። ይስማው የመጣበትን ነገር ሲነግራት በመገረም አላየችውም፤ እንዲያውም አዲስ ነገር እንዳልነገራት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ዛሬ ነው የደረስክበት? እዚህ ኬላ ላይ መኪና የሚያራግፉትን አላየህም? በጠዋት ፉል ይበላሉ፤ ከዚያ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት ጆንያ ሲሸከሙ ቢውሉ እህል አይሉህም። ኬክ በልቶ የመጣው ነው እየዞረ ሳንቡሳ የሚፈልገው።»

«ሎቢያ ስጪኝ እትዬ ረቢዓ። ዱቄቱን ውሰጂ።»

«ባለቤቱ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ማለቴ… እነግራቸዋለሁ።»

«ወላሂ አንተ ሰው፣ ጣጣ ትወዳለህ» አለችና ሎቢያውን አስለካችለት። በላዩ ላይ አንድ ከረጢት ወይካ ጨመረች፤ ወይካ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ነው፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሚያሙለጨልጭ። «ይኸን በገንፎ አብላቸው። ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይሄድም። ተማም? ገባህ?»

«ተማም» አለ ይስማው።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ስሕተት ራሱ ሲያወራው አይደብቅም። ቸኮለ። ነገሩ ገባኝ ብሎ ሁሉንም በአንድ ቀን አደረገው። ሎቢያውን ሳይዘፈዝፍ ቀቀለ፤ ዳቦው ውስጥ ፉርሽካ ጨመረ፤ የለመዱትን ነጭ ዳቦ ከነሻዩ አስቀረ። ሠራተኛው ንፍሮውን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ። «ይህ የከብት ነው» አለ አንዱ። በሉት፤ ሌላ ስላልነበረ በሉት። ያን ቀን አንገት ወደ ዳሱ አልዞረም፤ ግን የዞረ ሌላ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሰው ሆዱን እንደ ከበሮ ነፍቶት በየጥሻው ተቀመጠ። በማግስቱ ደግሞ ግማሹ መቀመጥ አልቻለም፤ ሆዱ ደርቆበት። ለይስማው ወዲያው ስም ወጣለት፤ «አያ ፉርሽካ።»

ዘመነ ግን አልሳቀም። ድስቱ ፊት መጥቶ ቆመ።

«አህያ አደረግኸን አያ ይስማው? አንተ እንኳ እንደኛው ያረምህ ሰው!»

ይስማው ያቺን ቃል መቋቋም አቃተው። «ሦስት ቀን ስጠኝ» አለ። «ሦስት ቀን ብቻ። ካልሆነ እኔ ራሴ ከናንተ ጋር ወንዙን እሻገራለሁ።»

ከሦስቱ ቀን በአንደኛው ማህደር መጣች። ማህደር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ክረምት ክረምት ለወባ ምርመራ ካምፖቹን የምትዞር፣ ቦቲ ጫማዋ በዋልካ ጭቃ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ልጅ። ደም ልትወስድ ብትመጣ ሆዱን የታቀፈ ሰው ሞላባት። ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆሙ። ይስማው የፍርድ ቤት ተከሳሽ መስሎ ቀረበና ያደረገውን ሁሉ፣ የአንገቱን ቆጠራ ጭምር፣ አንድ ሳይቀር ነገራት።

ማህደር መርፌዋን አስቀመጠች። «አያ ይስማው፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ረሀብ ነዋ፣ ሲስተር።»

«የደረሱበት ነገር እውነት ነው፤ የሳቱት መንገዱን ነው» አለችው። እዚያው ጉቶ ላይ አስቀምጣው አስረዳችው። እህል ልባሱ ላይና ውስጡ አሰር የሚባል ነገር አለው፤ እንደ ሌላው ምግብ አንጀት ውስጥ ፈርሶ ወደ ደም አይገባም። ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሆድን ይሞላል። አንዳንዱ፣ እንደ ወይካው ያለው፣ ተዝለግልጎ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ይይዛል፤ ስለዚህ የምግቡ ስኳር በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ታችኛው አንጀት ሲደርስ ደግሞ እዚያ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይመገቡታል፤ ከዚያም ወደ አንጎል «ጠግበናል» የሚል መልእክት ይሄዳል። ዱቄቱ ሲነጣ ይህ አብዛኛው ተነፍቶ ይቀራል።

«ነጩ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ የጭድ እሳት ነው» አለች። «ቦግ ይላል፣ ድርግም ይላል።»

«ንፍሮው ግንድ ነዋ» አለ ይስማው፤ እሳት የሱ ሙያ ነውና።

«አዎ። ግን ግንድ በአንድ ጊዜ ቢከምሩበት ምድጃው ይታፈናል። ያልለመደ አንጀት ነው ያላቸው፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጀምሩ። ሎቢያውን ከማታ ይዘፍዝፉት፣ ውኃውን ይድፉት። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ስንት ጊዜ ነው ውኃ የሚጠጡት?»

ይስማው እውነቱን ነገራት። ውኃ የሚጠጣው ምግብ ሲበላ ነው፤ ጀሪካኑ ያለው ዳሱ ውስጥ ነው፤ ከዳሱ እስከ መስመሩ ጫፍ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል።

«ለዚህ ነዋ የደረቀባቸው» አለች ማህደር። «አሰር ያለ ውኃ ጭቃ ነው። እንደ ጡብ ይደርቃል። ሁሉም ሰው እኩል አይሆንም፤ ሆዱ ያልቻለውን አያስገድዱት። ውኃውን ግን ለሁሉም።»

ይስማው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረገውን ነገር ነው ዘመነ ዛሬም ድረስ ሲያወራው ድምፁ የሚለወጠው። የካምፑን አህያ በሁለት በኩል ጀሪካን ጫነና፣ ያችን የማትታጠፍ እግሩን በጭቃው እየጎተተ፣ በየመስመሩ ጫፍ ውኃ ማዞር ጀመረ። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ከሰዓት ሁለት ጊዜ። ማንም አላዘዘውም። ዝናብ ሲዘንብ ማዳበሪያ ጆንያ ራሱ ላይ ደፍቶ ይሄዳል። «ጠጡ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ምግቡንም አለዘበው። ነጩን ዳቦ አላስቀረም፤ ከማሽላው ዱቄት ጋር ቀላቅሎ፣ በየሦስት ቀኑ ማሽላውን ከፍ ስንዴውን ዝቅ እያደረገ ጋገረ። ንፍሮውን መጀመሪያ በእፍኝ ብቻ፣ እንደ ማባያ አቀረበ። ስኳሩን ቀነሰ እንጂ አልከለከለም። ጠዋት ጠዋት የማሽላ ገንፎ በወይካ ወጥ ሲያቀርብ የመጀመሪያው ቀን ሰው ተጠየፈው፤ በሦስተኛው ቀን ድስቱ ተጠረገ። ምግቡ ለሆዳቸው ያልተስማማ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ለነሱ ለብቻ ስስ ስስ ያለውን አበሰለላቸው።

ለውጡ በአንድ ቀን የታየ አልነበረም። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ዘመነ ቀጠሮውን አላነሣም። በአሥረኛው ቀን ገደማ ይስማው ውኃ ሊያዞር ሲሄድ አንድ ነገር ሰማ። አራት ሰዓት አልፎ ነበር፤ መስመሩ ላይ የጎጃሜዎቹ ዘፈን ይሰማል። በዚያ ሰዓት ዘፈን ከተሰማ ስንት ሳምንቱ! አህያዋን አቁሞ አዳመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑን ጠረገ፤ ላብ ነው ቢልም ያን ጠዋት ብርድ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ከሠራተኛው ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ጥቂት አልነበሩም፤ እነሱም፣ «አያ፣ ማታ ምን ብንበላ ነው የሚያውለን?» እያሉ ይመጡ ጀመር። ለነሱ ማታ ማታ ሎቢያና ሽንብራ ንፍሮ ለየ። ለቡሄ ግን ይስማው ማንንም ሳያማክር የቀረውን ንጹሕ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ሙልሙል ጋገረ። «ምነው፣ ጠላትህ አልነበረም?» ሲሉት፣ «ዳቦ ጠላት የለውም፤ ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ አረም ነው» አለ።

መንገዱ ደረቅ ሲል አቶ አለልኝ መጡ። እግራቸው እንደረገጠ ያዩት ጎተራ ውስጥ የጎደለውን ማሽላና፣ ሎቢያ የሞላውን ጆንያ ነው። ዱቄቱ መለወጡን ካቦው ነገራቸው። ፊታቸው ደም መሰለ።

«ይስማው! ሠራተኛዬን የከብት መኖ አበላኸው? ዱቄቴንስ በማን ፈቃድ ነው የለወጥኸው?»

«በማንም ፈቃድ አይደለም ጋሼ። ደውዬልዎ አልነሡም፤ ቢሆንም ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ዱቄቱ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ። ስለ እህሉ ግን እኔን አይጠይቁኝ፤ የበሉትን ይጠይቁ።»

አቶ አለልኝ ወደ መስመሩ ወረዱ። አረሙ አልቆ ሰሊጡ እስከ ወገባቸው ቆሟል። ዘመነ ቀና ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታው፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ይሄ ሰው ባይኖር ዛሬ እዚህ አያገኙንም ነበር። ወንዙን ተሻግረን ነበር። መጀመሪያ ሰድበነዋል፣ ስም አውጥተንበታል። ከዚያ በዚያች እግሩ ውኃ ሲያመላልስልን አየን። ይኸው ነው።»

አቶ አለልኝ ወደ ካምፑ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሠራተኛው ጋር ተቀምጠው ገንፎውን በወይካ፣ ንፍሮውንም በሎቢያ በሉ። ከዚያ በመኪናቸው ወደ ጎንደር ተነሡ። መንገድ ላይ አንድ ወንዝ ሞልቶ እስኪጎድል ከሌሎች መንገደኞች ጋር ቆመው ዋሉ። ስምንት ሰዓት ላይ የይስማው ስልክ ጠራ፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኩይሳ ላይ ወጥቶ አነሣው።

«ይስማው፣ እዚህ ሁሉም ሰው ብስኩት ይሻማል» አሉት አቶ አለልኝ። «እኔን አልራበኝም።»

«ውኃ ይጠጡበት ጋሼ» አለ ይስማው።

«ለከርሞ የካምፑን ቀለብ አንተው ግዛ። ግን ስትለውጥ ንገረኝ።»

«እሺ፣ ስልክ ካነሡ።»

ከሩቅ ሲስቁ ተሰማው።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ይስማው አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት የጎረቤት እርሻ ወጥ ቤት ኃላፊ የሆነችው ውባንች፣ ከወሎ የመጣች ብርቱ ሴት፣ ሙያውን ልትጠይቀው መጥታ አንድ ቀን አብራው ዋለች። ምን ያህል ማሽላ፣ ምን ያህል ሎቢያ እያለች ስትጠይቀው መጠኑን ሁሉ ነገራት፤ በመጨረሻ ግን፣ «ከኔ ድስት የምትወስጂው የኔን ሰዎች ልክ ነው» አላት። «ያንቺዎቹን አንቺ ተመልከቺ። ተጣድፈሽ አታብዢባቸው፤ እኔ ተጣድፌ ሰው አሳምሜአለሁ።» ውባንች ወጥ ሠሪ ጥፋቱን ቀድሞ ሲያወራ አይታ አታውቅም ነበርና ይህን ለብዙ ሰው ነገረች።

ዘንድሮ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ሸሕዲ የሠራተኛ መቅጠሪያው አደባባይ በሰው ተጨናንቆ፣ የየእርሻው ካቦዎች እየተጣሩ ሳለ፣ ዘመነ አርባ ሰው አስከትሎ ቆሞ ነበር። ጥሩ እንከፍላለን፣ በመኪና እንወስዳለን የሚሉትን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ለእያንዳንዱ ያቀረበው ጥያቄ፣ «የምታበሉን ምንድን ነው? ውኃውስ መስመር ድረስ ይመጣል?» የሚል ነበር። ካቦዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ረቢዓ ለእህል ግዢ እዚያው ደርሳ ይህን በጆሮዋ ሰምታ ለይስማው ነገረችው። እሱ አላመናትም፤ ነጋዴ ታጋንናለች ብሎ ሳቀና ለነገ ጠዋት የሚሆነውን ሎቢያ መልቀም ቀጠለ። አርባው ሰዎች በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዛቸውን ተሸክመው፣ በእግራቸው ካምፑ ደረሱ።